ከአሸዋ በታች ያለው ወንዝ

ወንዝ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ከምንጩ እስከ መድረሻው ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚፈስ ውኃ ነው። በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይጎድላል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይጠፋም። ከዚህ የተለየ ጠባይ ያለው ወንዝ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከጅጅጋ ተነሥቶ ወደ ጠረፍ ከተማዋ ወደ ቶጎ ውጫሌ ይሂድ። ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ከመቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ እንደ ተጓዘ ሐርጌሳ ይደርሳል። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻነቷን ያወጀችው የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ናት። የተቆረቆረችውም ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አምባ ላይ ነው። ከተማዋን ሰሜንና ደቡብ አድርጎ የሚከፍላት ወንዝ ማሮዲ ጄሕ ይባላል።

እንግዳው በጥር ወር በድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቢመለከት ግን ውኃ አያይም። የሚያየው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ፍየሎች ይመላለሱበታል፤ መኪናም ያልፍበታል። «ወንዙ ወዴት ሄደ? ድልድዩስ ለምን ተሠራ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አለ። መልሱን ለማግኘት ግን አሸዋውን ብቻ ሳይሆን የአገሩን አቀማመጥ፣ የዝናቡን ጠባይና ከአሸዋው በታች ያለውን መመርመር ያስፈልጋል።

በሶማሊኛ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ «ዌቢ» ይባላል። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚሞላውና በቀሪው ጊዜ ደርቆ የሚታየው ግን «ቶግ» የሚል የራሱ ስም አለው። ቶጎ ውጫሌ የሚለው የከተማ ስም ይህንኑ ቃል በውስጡ ይዟል። ከሐርጌሳ በስተምሥራቅ የሚገኘው የቶግዴር አውራጃም ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ያለ ወንዝ ነው። ማሮዲ ጄሕም ከቶጎቹ አንዱ ነው። «ማሮዲ» ማለት ዝሆን ነው። ዛሬ በሐርጌሳ አካባቢ ዝሆን አይታይም፤ የወንዙ ስም ግን እንስሳው በአገሩ ይታወቅ እንደ ነበረ ያስታውሰናል። ሐርጌሳ የምትገኝበት አውራጃም የሚጠራው በዚሁ ወንዝ ስም ነው። ሕዝቡ አንድን አውራጃ በሙሉ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ በሚታይ ወንዝ ስም መጥራቱ ለወንዙ የሚሰጠውን ግምት ያሳያል።

ወንዞች ሁሉ በመጨረሻ የሚገኙት ከሰማይ ከሚወርድ ውኃ ነው። ሆኖም ዝናብ የሚዘንበው አልፎ አልፎ ሲሆን ወንዝ የሚፈሰው ዘወትር ነው። ስለዚህ በዝናብና በዝናብ መካከል ውኃው የሚቆይበት አንድ ማከማቻ መኖር አለበት። ገበሬ በመኸር የሰበሰበውን እህል በጎተራ አስቀምጦ እስከሚቀጥለው መኸር እንደሚበላ፣ ወንዝም የራሱ ጎተራ አለው። የአንዱ ወንዝ ጠባይ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በጎተራው ዓይነት ነው። ከነዚህ ጎተራዎች ሦስቱን ብንመለከት የማሮዲ ጄሕን ምስጢር እንረዳለን።

የመጀመሪያው ጎተራ ግግር በረዶ ነው። በጣም ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ የሚወርደው በረዶ ሳይቀልጥ ከዓመት ዓመት ይደራረባል። የላይኛው የታችኛውን እየተጫነው ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ አለት ይጠጥራል። እንዲህ የተጋገረው በረዶ በራሱ ክብደት እየተገፋ በዝግታ ወደ ሸለቆ ይንሸራተታል። ከታች ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ውኃ ወንዝ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ወንዝ ልዩ ጠባይ ፀሐይ በበረታች ቁጥር ውኃው መጨመሩ ነው። ለምሳሌ ኢንዱስ የተባለው ታላቅ ወንዝ ከቲቤት አምባ ይነሣል። ከዚያም ከሂማላያና ከካራኮረም ተራሮች የሚቀልጠውን ውኃ እየተቀበለ፣ ዝናብ በማይበዛበት የፓኪስታን ሜዳ ላይ ሰፊ እርሻ ያጠጣል። በአፍሪካ ግግር በረዶ የሚገኘው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያና በሩዌንዞሪ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። እርሱም እየመነመነ ነው። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው የኪሊማንጃሮ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው ግግር በረዶ ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚበልጠውን አጥቷል።

በኢትዮጵያ ዛሬ ግግር በረዶ የለም። ከብዙ አሥር ሺሕ ዓመታት በፊት፣ ምድር ከአሁኑ ይልቅ ቀዝቃዛ በነበረችበት ዘመን ግን የባሌ ተራሮች ግግር በረዶ ነበራቸው። በረዶው ከላይ ተሸክሞ ያወረዳቸው ቋጥኞች እስከ ዛሬ ድረስ በየሸለቆው ይገኛሉ። በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ ግን ከነዚያ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች አልደረቁም፤ ሁለተኛ ዓይነት ጎተራ አላቸውና። ይህ ጎተራ የደጋው አፈር፣ ሣር፣ ረግረግና የተሰነጣጠቀ አለት ነው። ክረምት የዘነበውን ዝናብ እንደ ስፖንጅ መጥጠው ይይዙና በበጋ በየምንጩ ቀስ በቀስ ይለቁታል። ዌብ ከባሌ ተራሮች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው፣ ዋቢ ሸበሌም ከባሌና ከአርሲ ደጋዎች ተነሥቶ ረጅሙን የኦጋዴን ቆላ አቋርጦ ሶማሊያ የሚደርሰው በዚህ ጎተራ ምክንያት ነው።

እነዚህ ታላላቅ ወንዞች ግን ለሐርጌሳ አንዲት ጠብታ አይሰጡም። ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ዌብና ዳዋ የሚወርዱት ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ ነው። በነርሱና በሐርጌሳ መካከል ሃውድ የተባለው ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። ሃውድ ወንዝ የለበትም። አርብቶ አደሮቹ ውኃ የሚያገኙት ዝናብ ሲዘንብ ከሚሞሉ ኩሬዎችና በመሬት ውስጥ ተቆፍረው በሲሚንቶ ከተለሰኑ፣ «ቢርካ» ከሚባሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ነው።

ከሃውድ በስተሰሜን ኦጎ የሚባለው ከፍተኛ አምባ አለ፤ ሐርጌሳ የምትገኘው በዚህ ላይ ነው። ከኦጎ በስተሰሜን የጎሊስ ተራሮች ተደርድረዋል። ከነርሱ ግርጌ ጉባን የተባለው የባሕር ዳርቻ ሜዳ ይገኛል። «ጉባን» ማለት የተቃጠለ ማለት ነው፤ ሜዳው እጅግ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ስሙ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ከሐርጌሳ እስከ ባሕሩ ያለው ቀጥተኛ ርቀት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ መሬቱ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ከ1,300 ሜትር እስከ ባሕር ወለል ይወርዳል። ስለዚህ በአምባው ላይ የዘነበው ዝናብ በየቶጉ ተሰብስቦ በኃይል ቁልቁል ይሮጣል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ጉልበቱ ይደክማል፤ አብዛኛውም ውኃ ባሕር ሳይደርስ በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።

የሐርጌሳ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህም በአብዛኛው የሚዘንበው በሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው «ጉ» የሚባለው ከሚያዝያ ጀምሮ የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ነው። ሁለተኛው እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ የሚዘልቀው የነሐሴ ዝናብ ሲሆን «ከረን» ይባላል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው «ጂላል» የተባለው ጊዜ ግን ደረቅ ነው። በጂላል ሣሩ ያልቃል፤ ኩሬው ይደርቃል፤ ከብቱም ሰውም ውኃ ፍለጋ ይንከራተታል። ሦስተኛው ጎተራ የሚፈለገው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ጎተራ የሚሠራው ራሱ ጎርፉ ነው። የአገሩ ዝናብ የሚዘንበው ቀስ ብሎ ሳይሆን ባንድ ጊዜ በኃይል ነው። ምድሩ ዛፍና ሣር ስለሚያንሰው፣ ላዩም በፀሐይ ስለ ደደረ፣ ውኃውን ቶሎ አይመጥም። ከየኮረብታው የወረደው ውኃ በቶጉ ውስጥ ይገናኝና ጠጠር፣ አሸዋና ደለል እየጠረገ ይመጣል። ጎርፉ ሲደክም በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው ከባዱን ነገር፣ ማለት ጠጠሩንና ሻካራውን አሸዋ ነው፤ ልሙን ጭቃ ይዞ ያልፋል። ከጊዜ ብዛት በወንዙ መውረጃ ላይ ብዙ ሜትር ጥልቀት ያለው የአሸዋ ንጣፍ ይከማቻል። ጎርፉ በላዩ ባለፈ ቁጥር ውኃ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ይገባና ከሥር ያለው አለት ወይም ሸክላ አፈር ሲያግደው በዚያ ይቆያል።

ማሮዲ ጄሕ በጂላል ደረቀ ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው። ወንዙ የደረቀው ከላይ ነው። የፀሐይ ሙቀት ክፍት ኩሬን በጥቂት ሳምንታት ያደርቃል፤ ከአሸዋው ወለል አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለውን ውኃ ግን እምብዛም አይነካውም። አሸዋው ክዳን ይሆንለታል፤ እያጠለለም ንጽሕናውን ይጠብቅለታል። በቶጉ ዳርና ዳር የቆሙት ግራሮች በድርቅ ወራት ለምልመው የሚታዩት ሥራቸው እዚህ ውኃ ድረስ ስለሚዘልቅ ነው። አርብቶ አደሩም ከጥንት ጀምሮ አሸዋውን በእጁ እየቆፈረ ጉድጓዱ ውኃ ሲያቆር ይጠጣል፤ ግመሉንና ፍየሉንም ያጠጣል።

አሸዋ ምን ያህል ውኃ ሊይዝ እንደሚችል በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር፣ የአሸዋው ጥልቀት 4 ሜትር የሆነ የቶግ ክፍል አለ እንበል። የአሸዋው መጠን 200,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከሻካራ አሸዋ ውስጥ ሩብ ያህሉን ውኃ አድርገን ብንቀዳ 50,000 ሜትር ኩብ፣ ማለት 50 ሚሊዮን ሊትር እናገኛለን። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታደል ይህ ውኃ 10,000 ሰዎችን ለ250 ቀናት ያጠጣል። ይህም ከጂላል ርዝመት የሚበልጥ ነው። እንግዳው በድልድዩ ላይ ቆሞ ባዶ ነው ያለው ሜዳ ይህን ያህል ሀብት በሆዱ ሊይዝ ይችላል።

ይኸው ወንዝ ሕይወት እንደሚሰጥ ሁሉ ሕይወት ያጠፋል። ዝናቡ የሚዘንበው በላይኛው አገር ስለሆነ፣ ጎርፉ አንዳንድ ጊዜ በከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይደርሳል። በመጀመሪያ ከሩቅ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ግንድና ቆሻሻ የተሸከመ ድፍርስ ውኃ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ያልፋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም። ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱም የዚሁ ዓይነት ወንዝ ነው። በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰዎች ይገበያዩበታል፤ ይሻገሩበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ በሐረርጌ ደጋ ላይ የወረደው ከባድ ዝናብ በደቻቱ መውረጃ በኩል ሕዝቡ በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ቤታቸውን አጡ። የሞት አደጋው የከፋው ጎርፉ ሌሊት ስለ መጣ፣ ቤቶችም በወንዙ ዳር ዳር ተጠጋግተው ተሠርተው ስለ ነበር ነው። ወንዝ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ሲታይ ሰው መሬቱ የወንዙ መሆኑን ይረሳል፤ ወንዙ ግን መንገዱን አይረሳም። የሐርጌሳ ድልድይ የተሠራው ለዚህ ነው።

ሐርጌሳ እያደገች ስትሄድ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ብቻውን ሊበቃት አልቻለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይና እርዳታ ከከተማዋ በስተሰሜን ጌድ ዴብሌ በተባለው ሸለቆ የውኃ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ውኃው በሞተር ኃይል እየተገፋ በቧንቧ ሽቅብ ወደ ከተማው እንዲወጣ ተደረገ። ጎርፍ ቁልቁል የሚወስደውን ውኃ ሰው ሽቅብ መለሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በተደረገው ጦርነት ግን ከተማዋ ከምድርና ከአየር ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። ነዋሪዎቿ በመቶ ሺሕ እየሆኑ ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ብዙዎቹ በጅጅጋ አካባቢ በሃርቲሼክ ሰፈሩ። ሃርቲሼክ ወንዝ የሌለበት ሜዳ በመሆኑ ውኃ ከሩቅ በቦቴ መኪና እየተጫነ ይታደላቸው ነበር። የአሸዋውን ወንዝ ዋጋ ከነዚያ ስደተኞች የበለጠ ያወቀ ሰው አይኖርም። በሠፈሩበት ሜዳ ቢቆፍሩም፣ በአገራቸው እንደለመዱት በጥቂት ክንድ ጥልቀት የሚገኝ ውኃ አልነበረም።

ከ1991 ወዲህ ስደተኞቹ ተመልሰው ከተማዋን እንደ ገና ሠርተዋታል። የጌድ ዴብሌ የውኃ መሥመርም በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ተስፋፍቷል። የሕዝቡ ቁጥር ግን ከውኃው ይልቅ ፈጥኖ ስላደገ ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ውኃ በቦቴና በአህያ ጋሪ ይገዛል። በዚህ ላይ ሌላ አደጋ ተጨምሯል። ቤት ለመሥራት አሸዋ ያስፈልጋል፤ አሸዋም በቅርብ የሚገኘው በቶጉ ውስጥ ነው። አሸዋ የሚጭን መኪና የሚወስደው የግንባታ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የውኃውን ጎተራ ጭምር ነው። ቀደም ሲል ባየነው ስሌት፣ ከአራቱ ሜትር አሸዋ አንዱ ሜትር ቢነሣ ጎተራው 12,500 ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ቦታ ያጣል። ይህም ለ10,000 ሰዎች የሁለት ወር መጠጥ ነው። ወደ ወንዙ የሚጣል ቆሻሻና የሚለቀቅ ፍሳሽም እንደዚሁ ነው። ከላይ የሚታየው ጥራጊ በሚቀጥለው ጎርፍ ተጠርጎ ሲሄድ የጠፋ ይመስላል፤ መርዙ ግን ወደ አሸዋው ሰርጎ በጉድጓዱ ውኃ ይመለሳል።

ሰው ጎተራውን ማጥፋት እንደሚችል ሁሉ ማስፋትም ይችላል። በኬንያ በኪቱይና በማቻኮስ አውራጃዎች በብዛት የተሠራ፣ በኢትዮጵያም በቦረናና በሶማሌ ክልል፣ እንዲሁም በሶማሊላንድ የተሞከረ አንድ ዘዴ አለ፤ የአሸዋ ግድብ ይባላል። በቶጉ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ከሥር ያለውን አለት መሠረት በማድረግ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይና የሲሚንቶ ግንብ በመውረጃው አግድም ይሠራል። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ከግንቡ ኋላ አሸዋ ያስቀምጣል፤ ልሙ ጭቃ በላዩ ተሻግሮ ይሄዳል። ከጥቂት የዝናብ ወራት በኋላ ከግንቡ ኋላ ያለው ቦታ በአሸዋ ይሞላል፤ አሸዋውም በውኃ ይሞላል። ለተራ ግድብ በደለል መሞላት ጥፋት ሲሆን ለዚህኛው በአሸዋ መሞላት ዓላማው ነው። ሥራው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የመንደሩ ሰው ድንጋይ አጋዝቶ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ውኃው ከአሸዋው በታች መኖሩን ማወቅ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ጎተራዎች አንድ ላይ ስንመለከት በሁሉም ዘንድ አንድ ነገር እናገኛለን። የበረዶውን ተራራ ከሩቅ የሚያይ ሰው ውበቱን እንጂ በታችኛው ሜዳ ያለውን እርሻ አያስተውልም። የደጋውን ረግረግ የሚያይ ሰው ቢያርሰው እህል እንደሚያገኝ እንጂ ሩቅ ባለው ቆላ የሚደርቀውን ወንዝ አያስብም። በሐርጌሳ ድልድይ ላይ የሚቆም ሰውም አሸዋውን እንጂ ውኃውን አያይም። ጎተራ የሚጠፋው ጎተራ መሆኑ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የቀለጠ ግግር በረዶን መልሶ መጋገር ከሰው አቅም በላይ ነው። አሸዋውን በቦታው መተው፣ የወንዙን ዳር ለወንዙ መልቀቅና ቆሻሻን ከቶጉ ማራቅ ግን ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው።

እንግዳው በጥር ወር እንደ ገና ወደ ድልድዩ ቢመለስ የሚያየው ያንኑ አሸዋ፣ እነዚያኑ ልጆችና ፍየሎች ነው። አሁን ግን «ወንዙ ወዴት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም። ወንዙ የትም አልሄደም፤ ከልጆቹ እግር በታች ነው።